«ስታረግዢው ምን ሆነሽ ነበር?»

የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ወሯን ልትጨርስ ስትል ትኩሳት ያዛት። ጥቅምት መጨረሻ ነበር፤ ብርዱ የገባበት ሰሞን። ልጠይቃት ስሄድ ሶፋ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። ግንባሯን ብነካው የተጣደ ምጣድ ነው። እናቷ፣ እህቴ ማለት ነው፣ ዳማከሴ ጨምቃ በስኒ አጠገቧ አስቀምጣለች። «ምች ነው የመታት። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ልብስ ስታጥብ ዋለች» አለችኝ።

«ፓናዶል ወስደሻል?» ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት።

«አይ አክስቴ፤ ልጁን ኦቲዝም ያደርገዋል አሉ።»

«እነማን ናቸው ያሉት?»

ስልኳን አንስታ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። አንድ ጎልማሳ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ «እህቶቼ ተጠንቀቁ» እያለ ይመክራል። ነገሩ የተነሳው ከዋሽንግተን ነው። መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከዋይት ሐውስ ሆነው ነፍሰ ጡሮች ታይሌኖል እንዳይወስዱ፣ ሕመሙን ችለው እንዲያልፉት መክረው ነበር። ታይሌኖል እኛ ፓራሲታሞል ወይም ፓናዶል የምንለው መድኃኒት ነው፤ የአሜሪካ ስሙ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ያ ንግግር አማርኛ ለብሶ እህቴ ሳሎን ድረስ ገባ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ትኩሳቷ ከ39 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሽንቷ ተመረመረ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፤ ወደ ኩላሊቷ መውጣት ጀምሯል አሉን። ለነፍሰ ጡር የሚሆን አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ፓራሲታሞልም ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ራሷ ሽሮ ሠርታ በላች።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ፣ አንዲት ትልቅ ሴት ልጅቷን ቀና ብለው አዩዋትና «ይህን ያህል ታመሽ ልጁ እንዴት ይሆን? በቀትር አትውጪ ስትባዪ አትሰሚ» አሏት። በክፋት አልነበረም። ተጨንቀውላት ነው። ልጅቷ ግን ስኒዋን ሳትጨርስ ተነስታ ጓዳ ገባች።

ይህን ጥያቄ ብዙ እናቶች ያውቁታል። ልጁ ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ሳያወጣ ሲቀር፣ በስሙ ሲጠሩት ዞር ሳይል ሲቀር፣ ከዘመድ አንዱ ያነሳዋል። «ስታረግዢው ምን ሆነሽ ነበር?» ምን በላሽ? ምን ዋጥሽ? የት ሄድሽ? ምን አምሮሽ ቀረ? እኔ ጥያቄውን አልጠላውም። ሳይንሱም ሰማንያ ዓመት ያህል ይህንኑ ሲጠይቅ ነው የኖረው። የእኛ ጥያቄ ግን ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣም የተሳሳተ ሰው ላይ ያርፋል።

በጊዜው የጠየቀ ሰው ነበር። ኖርማን ግሬግ ይባላል፤ የሲድኒ ከተማ የዓይን ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1941 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ክሊኒኩ ዓይናቸው በሞራ በተሸፈነ ጨቅላዎች ተሞላ። የዓይን ሞራ የምናውቀው በሽማግሌ ላይ ነው። ጨቅላም ይዞት ሊወለድ ይችላል፤ ግን በዚህ ብዛት አይመጣም። እንደሚተረከው ግሬግ ሁለት እናቶች ተራ እየጠበቁ ሲያወሩ ሰማ። ሁለቱም በእርግዝናቸው መጀመሪያ የጀርመን ኩፍኝ ይዟቸው ነበር፤ ሩቤላ የሚባለው። ከዚያ ሌሎቹንም እናቶች መጠየቅ ጀመረ። ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 78 ሕጻናት መዘገበ። ከጥቂቶቹ በቀር የሁሉም እናቶች ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር ተረጋገጠ።

ወዲያው አልታመነም። ላንሴት የተባለው ታዋቂ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ከ3 ዓመት በኋላም ጉዳዩን አላስረዳም ብሎ ጽፎበታል። እኔ ግሬግን የምወድለት ሌላ ነገር ነው። ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶችን ወሬ ቁም ነገር ብሎ ሰማ። ሐኪም የሴት ወሬ ሲሰማ ብዙ ጊዜ አላየሁም፤ ስለዚህ ይመዝገብለት።

ሩቤላ ለእናትየዋ ቀላል በሽታ ነው። ትንሽ ሽፍታ፣ ትንሽ ትኩሳት፤ በቃ። አንዳንዷ መታመሟንም አታውቅም። በእርግዝናዋ መጀመሪያ ሳምንታት ከያዛት ግን ቫይረሱ ወደ ጽንሱ የመተላለፍ ዕድሉ እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 አሜሪካን የመታው ወረርሽኝ 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ያዘ። 20,000 ያህል ሕጻናት ጉዳቱን ይዘው ተወለዱ። መስማት የተሳናቸው፣ ማየት የተሳናቸው፣ ልባቸው የታመመ፣ የአእምሮ እድገታቸው የተገታ። ስቴላ ቼስ የተባለች የኒውዮርክ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከእነዚህ 243ቱን ተከታትላ መረመረች። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ቁጥር በዘመኑ ከተለመደው እጅግ በልጦ አገኘችው። ያኔ ኦቲዝም ከእናት ፍቅር ማጣት ይመጣል የሚል ሐሳብ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ተቀባይነት ነበረው። «ቀዝቃዛ እናት» ይሏት ነበር። ስለዚህ እናትን መወንጀል የእኛ መንደር ፈጠራ አይደለም፤ ነጭ ጋውን ለብሶም ተደርጓል።

ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ። በ2015 ሁለቱም የአሜሪካ አህጉራት ከሩቤላ ነጻ ተባሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የምወደው የክትባቱ ጊዜ ነው። የሩቤላ ክትባት በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። ሴቲቱ ከማርገዟ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና ልጅ ሳለች መከተብ አለባት። ጥያቄው እርግዝናው ከመምጣቱ በፊት ተጠይቆ ተመልሷል ማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ደም ሲወሰድ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይሄው ነው። መከላከያው የላትም ከተባለ ከወሊድ በኋላ ትከተባለች፤ ለሚቀጥለው ልጅ።

የዚካ ነገር ቅርብ ጊዜ ስለሆነ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ቫይረሱ የተገኘው ኡጋንዳ ውስጥ በሚገኝ ዚካ በተባለ ጫካ ነው፤ በ1947። ለአሥርተ ዓመታት ማንም ብዙ አላሰበበትም። በ2015 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ሬሲፌ ከተማ፣ ጭንቅላታቸው እጅግ ያነሰ ሕጻናት በየሆስፒታሉ መወለድ ጀመሩ። መጀመሪያ ካስተዋሉት መካከል እናትና ልጅ የሆኑ ሁለት የሕጻናት ነርቭ ሐኪሞች ነበሩ። በየካቲት 2016 መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። ቫይረሱ እንግዴ ልጁን አልፎ፣ ገና ነርቭ ሊሆኑ የተዘጋጁትን ሴሎች ነው የሚገድለው። ከዚያ በኋላ ብዙ አባቶች ቤቱን ጥለው መሄዳቸው በሰፊው ተዘግቧል። ወደ አባቶች እመለሳለሁ።

እስካሁን ያልኩት ጀርሙ ራሱ ጽንሱ ጋ ስለሚደርስበት ሁኔታ ነው። የእህቴ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የእሷ ባክቴሪያ ያለው ሽንት ቧንቧዋ ውስጥ ነው። ልጁ ዘንድ አልደረሰም። ታዲያ ምን አገናኘው?

እዚህ ላይ ሳይንሱ ደስ ይላል፤ ትንሽ ታገሱኝ።

የጽንስ አንጎል የሚሠራው በጊዜ ሰሌዳ ነው። ከተጸነሰ በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ለአንጎልና ለሕብለ ሰረሰር መሠረት የሚሆነው ቱቦ ይዘጋል። ብዙ ሴት ያኔ ገና «የወር አበባዬ ዘገየ እንዴ?» እያለች ነው። ከዚያ በኋላ ነርቭ ሴሎች ይባዛሉ። ከተወለዱበት ከአንጎል ውስጠኛ ክፍል ተነስተው ወደ ውጭኛው ሽፋን ይጓዛሉ። ከገጠር ተነስቶ ሸገር እንደሚገባ ሰው ናቸው። እያንዳንዱ የሚደርስበት ሰፈር አለው፤ እዚያም ጎረቤት ያበጃል። ጉዞው ለወራት ይቀጥላል። መንገድ ላይ ሁከት ከተነሳ አንዳንዱ ሌላ ሰፈር ይቀራል።

እናት ስትታመም ደግሞ ሰውነቷ ክተት ይላል። ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎች በደሟ ይሰራጫሉ። ትኩሳቱም፣ መጎሳቆሉም፣ ምግብ መዝጋቱም የእነሱ ሥራ ነው። መልእክቱ እንግዴ ልጁም ጋ ይደርሳል። በጽንሱ አንጎል ውስጥ ደግሞ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሴሎች አሉ። ዘበኛም ናቸው፣ ጽዳት ሠራተኛም ናቸው፣ አትክልተኛም ናቸው። የማያስፈልገውን የነርቭ ግንኙነት የሚገርዙት እነሱ ናቸው። የጦርነት ዜና የሰማ አትክልተኛ ምን እንደሚቆርጥ አይታወቅም።

ይህን በአይጥ ላይ ያሳዩት በካሊፎርኒያው ካልቴክ የነበሩት ፖል ፓተርሰንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ላረገዘች አይጥ ምንም ቫይረስ ሳይሰጡ፣ ቫይረስ መሳይ ንጥረ ነገር ብቻ ወጓት። ሰውነቷ የታመመች መሰለው። የተወለዱት ግልገሎች ከሌሎች አይጦች መራቅና አንድን ነገር መደጋገም አበዙ። በ2007 ከመልእክተኞቹ አንዱን፣ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለውን፣ ሲያግዱት ግልገሎቹ ደህና ሆኑ። በ2016 ደግሞ ግሎሪያ ቾይ እና ጁን ሁህ የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላውን መልእክተኛ ኢንተርሉኪን 17ን ለዩ። በዓመቱ የጨመሩት ግኝት ነው እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ። ጉዳቱ የሚታየው የእናትየዋ አንጀት ውስጥ የተወሰነ ዓይነት ባክቴሪያ ሲኖር ነው። ያው አንድ በሽታ አንዷ እናት ላይ ምንም ሳያደርግ ሌላዋ ላይ ያደርጋል። እስቲ ይህን ለቡና ጎረቤቶቼ አስረዱልኝ።

አይጥ ሰው አይደለችም። ስለዚህ ወደ ሰዉ እንምጣ።

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። ኅዳር ሲታጠን። መነሻው በ1911 ዓ.ም. ገብቶ አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታ ነው፤ ዓለም የ1918 ኢንፍሉዌንዛ የሚለው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። የሞቱትን እናስባለን። በእናታቸው ማሕፀን ሆነው ያለፉትን የሚያነሳቸው ግን የለም። ዳግላስ አልመንድ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር የአገሩን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አገላብጦ እነሱን ፈለጋቸው። ወረርሽኙ ሲመጣ በማሕፀን የነበሩት አሜሪካውያን አድገው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸው እስከ 15 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። በኋላ ሌሎች ተነስተው «ያኔ ጦርነት ነበር፤ የእነዚያ ልጆች አባቶች ኑሮም ከሌሎቹ ይለይ ነበር» ብለው ሞገቱት። ክርክሩ ተገቢ ነው።

ስዊድኖች ደግሞ መዝገብ አያያዝ ያውቁበታል። ከ1973 እስከ 2014 የተወለዱ 1.8 ሚሊዮን ያህል ልጆችን ያካተተ ጥናት በ2019 ወጣ። እናታቸው በእርግዝና ጊዜ በኢንፌክሽን ምክንያት ሆስፒታል የተኛች ልጆች ላይ ኦቲዝም የመገኘቱ ነገር በ79 በመቶ ከፍ ብሎ ታየ። ከባድ ኢንፌክሽን ይሁን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብዙ ልዩነት አልነበረውም።

79 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። ቀስ ብላችሁ አስሉት። ከ100 ልጆች አንዱ ላይ የሚታይ ነገር ቢሆን፣ ሁለት ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ቀሪዎቹ 98ቱ ደህና ናቸው። ቲክቶኩ ይህን ስሌት አይሠራም።

በ2022 ሌሎች የስዊድን ተመራማሪዎች 550,000 ያህል ልጆችን ይዘው ጠበቅ ያለ ጥያቄ አነሱ። ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን አነጻጸሩ፤ እናቲቱ አንዱን ስታረግዝ ታማ ሌላውን ስታረግዝ ያልታመመችበትን ቤት። በኦቲዝም ረገድ የነበረው ልዩነት ጠፋ ማለት ይቻላል። ከማርገዟ በፊት በነበረው ዓመት የታመመች እናት ልጆች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በዘር የሚመጣ ወይም ቤተሰቡ የሚጋራው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በአእምሮ እድገት ውስንነት ላይ ግን የኢንፌክሽኑ ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አልተነሳም። ኮቪድ ሲጨመርበት ነገሩ እንደገና ተከፈተ። በ2025 መገባደጃ ከማሳቹሴትስ የወጣ የ18,000 ወሊዶች ጥናት፣ እናታቸው በእርግዝና ኮቪድ ከያዛት ልጆች 16.3 በመቶው በሦስት ዓመታቸው የንግግር፣ የእንቅስቃሴ ወይም ሌላ የእድገት ችግር እንደተመዘገበባቸው አሳየ። ከሌሎቹ 9.7 በመቶ ነበር። ሌሎች ምክንያቶች ሲቀናነሱ ልዩነቱ ጠበበ፤ ግን አልጠፋም።

እንግዲህ ኢንፌክሽን ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ነው። አንዳንዱ ጀርም፣ ሩቤላን የመሰለ፣ በግልጽ ይጎዳል። ሌላው አንዳንድ ልጅ ላይ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተዳብሎ፣ ትንሽ ይገፋል። «በዚያን ቀን ፀሐይ ላይ ስለወጣሽ ነው» የሚያስብል አንድም ነገር ግን የለም።

ፓራሲታሞሉስ? እሱንም ስዊድኖች አይተውታል። በ2024 የወጣው ጥናት 2.48 ሚሊዮን ልጆችን ይዟል። ወንድምና እህት ሲነጻጸሩ መድኃኒቱ ከኦቲዝም ጋር ያለው ግንኙነት ጠፋ። አስቡት፤ መድኃኒቱን የምትወስደው የታመመች ሴት ናት። ትኩሳቷን ትተን ክኒኑን ብንይዘው ሌባውን ለቀን የጮኸውን ሰው እንደመያዝ ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የሚመጣ ከፍተኛ ትኩሳት ራሱ የአከርካሪና የአንጎል ቱቦ ሳይዘጋ ከመቅረት ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ስታተኩስ ትኩሳቱ ይውረድ፤ ምክንያቱም ይፈለግ። ፓራሲታሞል ባለሙያ ባዘዘው ልክ። እግረ መንገዴን፣ ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ የምንገዛቸው አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰዱም። ዶክሲሳይክሊንም ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ማንም ቪዲዮ ሠርቶባቸው አላየሁም።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ። የእህቴ ልጅ የሦስት ወር እርጉዝ ሆና ክትትል አልጀመረችም ነበር። ለምን ስላት «ገና ነው ብዬ» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛ አገር እርግዝና በሆድ ይያዛል። ሳይገፋ አይወራም፤ ዓይን ይበላዋል። እሷ ብቻም አይደለችም። የ2019ኙ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንዴ ባለሙያ ዘንድ ሄደዋል። 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የሄዱት 43 ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የጀመሩት 28 ብቻ። የማውቃት አንዲት ሴት ደግሞ በሁለተኛ ወሯ ሄዳ «ሆድሽ ሲታይ ተመለሽ» ተብላ ተመልሳለች። የጤና ባለሙያ ነው ይህን ያላት! የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ የሚለው 8 ክትትል፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት በፊት ነው። ከላይ ያወራነው የነርቭ ጉዞ የሚጀምረው በዚያው ወቅት ነው። «ስታረግዢው ምን ሆነሽ ነበር?» መባል ያለበት ያኔ፣ በዚያ በር ላይ ነው። የሚጠይቀውም ካርድ የያዘ ባለሙያ መሆን አለበት።

ሲጠየቅ የሚገኘው ነገር ተራ ነው። ሽንት ይታያል፤ ባክቴሪያ ያለ ምንም ሕመም ሊኖር ይችላል። ደም ይወሰዳል፤ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ። ቂጥኝ ጽንሱን ሊገድል፣ ከተወለደም አንጎሉንና አጥንቱን ሊጎዳ ይችላል። ፈውሱ የጥንቱ ፔኒሲሊን ነው። «ከእናት ወደ ልጅ» የሚለውን የኤችአይቪ ዘመቻ ሁላችን በቃላችን ይዘነዋል፤ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ወባ ከባዱ የእኛ ጉዳይ ነው። ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል፤ ቀኑ በፈረንጆቹ ነው። ፋልሲፋረም የሚባለው የወባ ዓይነት እንግዴ ልጁ ላይ ተለጥፎ ይደበቃል። እናትየዋ ላታተኩስ ትችላለች። ልጁ ግን ምግቡና አየሩ ይቀንስበታል፤ ክብደቱ አንሶ ወይም ቀኑ ሳይደርስ ይወለዳል፤ አንጎሉም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። «እኔ ከተማ ነው የምኖረው» የምትሉም ብዙ አትተማመኑ። በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሚልና ሮቶ ይበቃታል።

ክትፎውንም ላንሳው፤ ጠላት ባፈራም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ አለ። ከድመት ዓይነ ምድርና ካልበሰለ ሥጋ ይመጣል። አንዲት ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። ዓይን ይጎዳል፤ አንጎል ውስጥ ውኃ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ቀድሞ ይዟት ያለፈ ሴት በአብዛኛው መከላከያው አላት፤ በእኛ አገር ብዙ ሰው እንዲያ ነው። ግን የትኛዋ እንደሆነች በዓይን አይታወቅም። ፈረንሳዮች ቀድሞ ያልያዛትን ነፍሰ ጡር በየወሩ ደሟን ይመረምራሉ። እኛ ያ አቅም እስኪኖረን ድረስ ክትፎው ይብሰል፤ ለብ ለብ አይቆጠርም። ቁርጡም ዘጠኝ ወር ይጠብቅ። በግ አርዶ «ለእሷ ጥሬ ስጧት፣ ደም ይሆናታል» የሚል አጎት አለኝ። እስካሁን አላሸነፍኩትም።

አጎት ሳነሳ ወደ ወንዶቹ ልምጣ። ቂጥኙን ማን ያመጣዋል? ሚስት ታክማ ባል ካልታከመ ተመልሶ ሊይዛት ይችላል። ዚካ እንኳን በግብረ ሥጋ ይተላለፋል። የልጁ ዘር ግማሹ ከአባት ነው፤ ያ በወንድማማቾች ጥናት የታየው «ቤተሰቡ የሚጋራው ነገር» የሚለው እሱንም ይጨምራል። ሆኖም «ስታረግዢው» እንጂ «ስታስረግዘው ምን ሆነህ ነበር?» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አማርኛው ራሱ ጆሮ ላይ ይጎረብጣል።

ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ይዛ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ እስክትከፍት ድረስ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ጓዳ ውስጥ ነበር የሚያድጉት። በሩን የሚዘጉት እናቶች ናቸው፤ ከዚያች አንዲት ጥያቄ ለመሸሽ። ኢንፌክሽንና አንጎል የሚለው አዲሱ ዕውቀት ወደ እኛ ሲመጣ ለእነዚያ እናቶች አዲስ ክስ ሆኖ እንዳይደርስ እፈራለሁ። ድሮ እርግማን ነበር፣ ከዚያ ቡዳ፤ ነገ ደግሞ «ኢንተርሉኪንሽ ነው» ሊባል። ያች ልጅ ጓዳ የገባችው ገና ልጇ ሳይወለድ ነው።

መድኃኒቷን ከጨረሰች በኋላ ሽንቷ ዳግም እንዲታይ ተቀጠረች። በዚህኛው ቀን ባሏ አብሯት ሄደ። ግማሽ ቀን ፈቃድ ለመጠየቅ መጀመሪያ ትንሽ አንገራግሮ ነበር፤ እህቴ አፍጥጣ ስታየው ጠየቀ። ሽንቷ ንጹሕ ሆነ። አዋላጅ ነርሷ ካርዱን ሞልታ ስትጨርስ ቀና ብላ እሱን አየችው።

«አንተስ ደም ሰጥተሃል?»

«እኔ? እርጉዟ እኮ እሷ ናት።»

«አውቃለሁ። 4 ቁጥር ግባ።»